ሁለት ፊት ያለው «ይቻላል»

ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ መጠለያ ይፈልጋል፤ በየከተማው ግን ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ዣንጥላ ስለ መሸጥ የሚያስብ አንድ ሰው አይጠፋም። ቢቸናና ሞጣ ይህን ሰው በጋራ ይጠቀሙበታል። ክቡር ሥራ ፈጣሪ ውበቴ ይባላል። ሞጣ ላይ ዶሮ ያረባል፣ ቢቸና ላይ ጭማቂ ይሸጣል፣ በመካከሉ ያገኘውን ሁሉ ያነቃቃል። ቃሉ አንዲት ናት፤ «ይቻላል»።

አንድ ጊዜ ደብረ ወርቅ አጠገብ የተሳፈረበት አውቶቡስ ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ሹፌሩን ሲያማ፣ ውበቴ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ስለ ራእይ ያስተምር ጀመር።

«ወገኖቼ፣ ይቺ ጎማ ምን እያለችን ነው?»

«ክሪክ አምጡ ነው የምትል» አሉ አንድ ሽማግሌ።

የእትዬ ይርጋነሽ ባል የሞቱ ጊዜም ለቅሶ ቤት ገብቶ እጃቸውን ያዘና፣ «ይቻላል እናቴ፣ ይቻላል» አላቸው። እሳቸውም እንባቸውን ጠርገው፣ «እውነትህን ነው ልጄ፤ ምን ይደረግ፣ ሁሉም ይቻላል» ብለው መረቁት። በሳምንቱ ተመልሶ ምን ሥራ ለመጀመር እንዳሰቡ ጠየቃቸው።

ሰገነትን ግራ ያጋባት ይኸው ነው። ሰገነት በእናቷ ቤት በረንዳ ላይ ጥልፍ የምትጠልፍ፣ ደንበኛ ሲመጣ እንኳ ከመርፌዋ ቀና የማትል ዓይን አፋር ናት። ቢቸና ዋናው መንገድ ዳር የሚከራይ ክፍል ተገኝቶላት ባለቤቱ እስከ ቅዳሜ መልስ ይፈልጋል። ወጥታ ባይሳካላት አገር ፊት ማፈሯ ነው፤ ብትቀርም ዕድሜዋን በረንዳ ላይ መጨረሷ። ውበቴን ብታማክረው «ይቻላል» አላት። ይሳካልሻል ማለቱ ነው? ወይስ ቻይው?

አጎቷን የቅኔ መምህሩን መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስን ጠየቀች።

«ሰሙ ይሳካል ነው፣ ልጄ፤ ወርቁ ቻይው ነው» አሉና ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ወይም ግልባጩ።»

የባሰ ተደናገረች።

ዓርብ ዕለት እንደ ምንም ደፍራ ወደ ውበቴ ጭማቂ ቤት ሄደች። መብራት እየጠፋ አላሠራው ብሎ ለካ ዘግቶታል። ታፔላውን አውርዶ እላዩ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ» አለች መሬት መሬት እያየች፣ «ያን ጊዜ ይቻላል ያሉኝ፣ ይሳካል ለማለት ነው ወይስ ቻይው?»

«ሁለት ነው እንዴ?»

ከልቡ ነው የጠየቀ። ያን ሁሉ ዘመን ባለሁለት አፍ ቃል ይዞ ሲዞር አላወቀም። የተዘጋውን በር አየ፣ እሷን አየ፣ አንገቱን ደፋ። ሰገነት ጠጋ አለችው።

«ይቻላል፣ ጋሼ» አለችው።

«የትኛው?»

«እኔም አልለየሁት።»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ቅዳሜ ጧት ሰገነት ግራ እንደ ተጋባች ሄዳ የክፍሉን ቁልፍ ተቀበለች።

ታፔላውን ውበቴ ሰጣት፤ ጀርባው ላይ «የሰገነት ጥልፍ ቤት» ተጻፈበት። ነፋስ ሲነሣ ግን ይዞርና «የውበቴ ጭማቂ» ይላል፤ መንገደኛም ገብቶ አቮካዶ ያዝዛል። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አዲስ ዕቅድ የሚያወጣው ውበቴ፣ «አቮካዶ እንኳ የለም፤ ጥልፍ ግን ይቻላል» ብሎ ያስገባዋል።

«አሮጌውን ፊት ቀለም እናልብስልሽ?» ደንበኞች ሲሏት፣ ሰገነት ከመርፌዋ ቀና ትላለች።

«ተዉት፣ ይኑር።»