ሞተር ለቀየረ ሰው ምክር አይጠፋም

ሰው ሲታመም ሁሉም ሐኪም ይሆናል ይባላል። ይህን ያለ ሰው አሮጌ መኪና ይዞ አያውቅም። በሽተኛን እንኳ «ይማርህ» ብሎ የሚያልፍ አለ፤ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ የቆመን ሰው ግን ዝም ብሎ የሚያልፍ እግር በከተማችን በሚዛን ተፈሪ ገና አልተፈጠረም።

እኔ ላንድሮቨር አለችኝ። ዕድሜዋን አትጠይቁኝ፤ ሴት ናት። የቤንዚን ሞተሯ ሲሞት ከተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ የናፍጣ ሞተር ገዛሁና ከወዳጄ ከመካኒክ ታምሩ ጋር ሆነን ገጠምንላት። ሞተሩ እንደ አንበሳ አገሳ። ኤሌክትሪኩ ግን አበደ። ፍሬን ስረግጥ ፍሬቻ ይበራል፤ የፊት መብራት ሳበራ የዝናብ መጥረጊያው ይንቀጠቀጣል፤ ክላክስ ስነካ ከመሪው ፊት ክሩስኮቱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ ይጠፋል። ታምሩ ያልፈታው ሽቦ የለም። በመጨረሻ «አዲሱና አሮጌው ተጣልተዋል፤ ሲላመዱ ይተዋሉ» አለኝ። ታዲያ ሽማግሌ ልላክባቸው?

የሚስቴ ታናሽ ወንድም ግርማ ደግሞ «ጋሼ፣ ለብረት ይሽጧት» ማለት ሥራው ሆነ። «እኔም አርጅቻለሁ፤ እኔንስ ለማን ልትሸጠኝ ነው?» አልሁት።

በዚህ መሀል ልጄ ብርቱካን ልታገባ ሆነ። ሙሽራው የቴፒ ልጅ ስለሆነ ጋብቻው እዚያው በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግርማ አበባ የታሰረባት ነጭ መኪና ተከራይቶ መጣ። ልጄ ግን ትምህርት ቤት ካመላለሰቻት ከላንድሮቨሯ በቀር በሌላ መኪና ላለመሳፈር ማለች። እልኸኝነቱን ከማን እንደወረሰች ሲጠየቅ እናቷ ጣቷን የምትቀስረው ወደ እኔ ነው። ቀስሪ! ደስ ነው የሚለኝ።

በሠርጉ ዕለት ማለዳ ተነሥተን መንገድ ላይ ሸኮ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅሁና ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን ባዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ «ቀጭ» ብሎ ዝም። ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ባትሪ ነው አለ፤ ሌላው ናፍጣው ውሃ ገብቶበታል አለ፤ አንድ አዛውንት ደግሞ ሙሽራን ዝናብ ሲመታት በረከት ነው አሉ። ከሁሉም የተሻለው ምርመራ የእሳቸው ነበር።

ሚስቴን ጭኖ ከኋላ ይከተለን የነበረው ግርማ ጃንጥላ ይዞ ደረሰ። «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ እልህዎን ይተዉት! ልጅቷን ወደ እኔ ያሻግሯት፤ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ሰዓቴን አየሁ። ልጄን በሠርጓ ቀን በሰው ፊት ላሳፍራት? ውረጂ ልላት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። «አባዬ፣ አንዴ ደግመህ ሞክር። እኔ እንደሆንኩ አልወርድም።»

ቁልፉን አዞርኩ። ከጎኔ ተቀምጣ ቬሎዋን ከጭቃው ወለል ልትሰበስብ ጎንበስ ያለችው ልጄ «ውይ!» ብላ እጇን አሸሸች። እጇ የነካው፣ ከነዳጅ ፔዳሉ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የብረት ገመድ እንደ ካውያ ግሎ ነበር።

ነዳጅ የሚጎትት ገመድ በምን ምክንያት ይግላል? ኤሌክትሪክ ካላለፈበት በቀር! ያኔ በራልኝ። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መመለሻው ሞተሩን ከመኪናዋ የብረት አካል፣ ከሻንሲው የሚያያይዘው ወፍራም ሽቦ ነው፤ መካኒኮች «ማሳ» ይሉታል። የእኛ ማሳ ከአሮጌው ሞተር ጋር አብሮ ተሸኝቷል። ምስኪኑ ኤሌክትሪክ የቤቱ መንገድ ቢጠፋበት በየሰው አጥር እየዘለለ ነበር የሚገባው።

ባትሪ ከባትሪ የሚያገናኘውን ገመድ ከወንበር ሥር መዝዤ፣ ማርሹን አውጥቼ፣ በሠርግ ሱፌ ጭቃው ላይ ተጋደምሁ። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ሻንሲው ላይ አስነከስሁትና «በይ!» ብዬ ጮኽሁ። ሙሽራዋ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አገሳ! መንገደኛው ሁሉ አጨበጨበ። ግርማ ጃንጥላውን አጥፎ ወደ መኪናው ሄደ፤ እስከ ቴፒም ከኋላዬ ጭሴን ጠጣ።

ቴፒ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ እናትና ልጅ ቀሚሱን ሊያጸዱ ማንም ሳያያቸው ወደ ጓሮ ክፍል ሮጡ። እኔ መኪናዋን አቁሜ፣ እስከ ክርኔ ግራሶ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ወደ በሩ ስጠጋ አንድ ትሑት አስተናጋጅ ክንዴን ያዘኝ። «ሾፌሮች በዚህ በኩል ነው አባቴ፤ ደክሞዎታል፣ እህል ይቅመሱ።»

ላስረዳው ነበር። ግን ዶሮ ወጡ ሸተተኝ፤ ማልጄ ስወጣም ምንም አልቀመስኩም ነበር። ከሾፌሮቹ መሀል ተቀመጥሁ። ገና አንድ ሁለቴ ስጎርስ የድምፅ ማጉያው ጮኸ፦ «ወገኖች፣ ሙሽራዋና አባቷ እስካሁን አልደረሱም። መኪናቸው መንገድ ላይ እንዳትቀር እንጸልይላቸው።»

እኔም ጉርሻው በጉንጬ እንደሞላ ከሁሉም አስበልጬ «አሜን!» አልሁ።