ለእኔ ክዳን የሠሩልኝ ጀሪካኖች

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ጀሪካኖች ቦኖ ውኃው ጋ ተሰልፈው ሰው ሲቀዱ አየሁ። እውነቴን ነው። ቢጫዎቹ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካኖች ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል፣ እኛ ደግሞ ከቧንቧው እየተንዠቀዠቅን እንወርዳለን። መጀመሪያ ጎረቤታችን እትዬ ዙሪያሽ ወረዱ፣ ቀጥሎ ሁለት የትራፊክ ፖሊሶች፣ ቀጥሎ እኔ። አንዷ ጀሪካን በጆሮዬ አንጠልጥላ አወጣችኝና አገላብጣ አየችኝ።

«ይቺ ክዳን የላትም» አለች።

«ክዳን ምን ያደርግልኛል? ሰው እኮ ነኝ!» አልኩ።

«ይኸው፣ ከአሁኑ መፍሰስ ጀመረች።»

ሕልሙ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም። ሰፈራችን ባለው የወጣቶች ማዕከል የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ፣ በስሱ እየደራረበ ዕቃ የሚያወጣ ፕሪንተር አለ። ኮምፒውተር ላይ የሣልሽውን እሱ በቁሙ ይሰጥሻል። እኔና ጓደኛዬ ዘምዘም የጀሪካን ክዳን ሣልን። ሰፈራችን ውስጥ ክዳኑ ያልጠፋበት ጀሪካን የለም፤ ሰው ሁሉ አፉን በፌስታል ወትፎ ነው ውኃ የሚሸከመው። ዕቅድ አወጣን፦ ሰኞ መለካት፣ ማክሰኞ መሣል፣ ረቡዕ ማተም፣ ሐሙስ መፈተሽ፣ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ማስረከብ። ስናስረክብ አሠልጣኛችን ቲቸር አበጋዝ ጀሪካኑን ውኃ ሞልቶ ይዘቀዝቀዋል። ጠብ ካለ ወድቀናል። ካላለ ክረምቱን ሙሉ ማዕከሉ ውስጥ እንሠራለን። ከወደቅን ዘምዘም የት እንደምትገባ እንጃ፤ እኔ ግን መርሳ፣ አክስቴ ምግብ ቤት፣ ነጭ ሽንኩርት ስልጥ ልከርም ነው።

ሐሙስ ስንፈትሸው ጠብ አለ። ጠብ ብቻ ቢል ምን ነበረበት፣ ተንዠቀዠቀ እንጂ! ለካ ሰኞ የጀሪካኑን አፍ የለካነው ፌስታሉን ሳናነሳ ነው። ስንት ዓመት አብሮት ስለኖረ የጀሪካኑ አካል መሰለና ማናችንም አላየነውም። ክዳኑ በፌስታሉ ውፍረት ልክ ሰፋ። እንደገና እንዳናትም ፕሪንተሩ በሌላ ቡድን ተይዟል። በፌስታል እንዳንወትፈው ደግሞ ቲቸር አበጋዝ «ፌስታል ያየሁበት ቡድን በራሱ ጊዜ ይውጣ» ብሏል። አልቅሼ ተኛሁ። ከዚያ ነው ጀሪካኖቹ የመጡት።

ባለ ሃያ ሊትሯ ጀርባዋ ላይ አዝላ ወደ ማዕከሉ ወሰደችኝ። እዚያ አንዲት ባለ አምስት ሊትር፣ ትንሽዬ ግን ምላሰኛ ጀሪካን ትጠብቃታለች። ሁለቱ አንድ ቡድን ናቸው። እነሱም ዓርብ አራት ሰዓት ላይ የሚያስረክቡት ሥራ አላቸው፤ ሥራቸውም ለእኔ ክዳን መሥራት ነው።

«ዕቅዱ እንዴት ነው?» አለች ሃያ ሊትሯ።

«መጀመሪያ እናስረክባለን። ከዚያ እናትማለን። ከዚያ እንለካለን። ጊዜ ከተረፈን እናስባለን።»

«እኛም እንደዚያ ነው የሠራነው» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ! ዕቃ አይናገርም» አለችኝ አምስት ሊትሯ።

ያኔ ነው የገባኝ። ክዳኑ ልክ ከመጣ ዕድሜ ልኬን ዝም ልል ነው። እኔ! ክፍል ውስጥ በማውራት ብቻ ሦስት ጊዜ ወላጅ አምጪ የተባልኩት እኔ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው ሥራ ለዓርብ እንዳይደርስ መጸለይ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ተስፋ የጣልኩት በማዕከሉ ንብረት ክፍል ሠራተኛ በእትዬ ስንዱ ነበር። በደህናው ጊዜ እትዬ ስንዱ አንድ ጥቅል ክር ለመስጠት ሦስት ፊርማና ሁለት ቀን ያስፈልጋቸዋል። በሕልሜ ግን ጥቅሉን ታቅፈው፣ ጫማቸው እየወለቀ፣ ከጀሪካኖቹ ኋላ ይሮጣሉ።

«እናቶቼ፣ በናታችሁ ውሰዱልኝ! ከጠዋት ጀምሬ ተሰልፌ እግሬ ሊቆረጥ ነው!»

«ነገ ይመለሱ፤ የሚረከበው ሰው ስብሰባ ገብቷል» አለቻቸው አምስት ሊትሯ።

«ትናንትም እንዲሁ ብላችሁኝ!»

«አዎ፣ ነገ ይመለሱ! ከነገ ወዲያ ቢሆንማ ይመረጣል!» ብዬ አገዝኳት። ግን ሃያ ሊትሯ ሆዷ ገር ነው፤ አዘነችላቸውና ክሩን ተቀበለች። እትዬ ስንዱ ጉልበቷን ስመው ሄዱ።

ቀጥሎ መለኪያ መጣ። ብረቱን አፌ ላይ ሲያሳርፉት ቀዘቀዘኝ። አምስት ሊትሯ ደግሞ ቁጥር የምትቆጥረው ወደ ኋላ ነው፤ «ሃምሳ፣ አርባ ዘጠኝ፣ አርባ ስምንት…» ስትል ሳቄ አመለጠኝ። አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቶ ሳለ ለክተው ጻፉት። ልነግራቸው አሰብኩ። ተውኩት።

ፕሪንተሩ ጥግ ይዞ ስልኩን ይጎረጉራል፤ ክሩን እያኘኩ የሚያትሙት ጀሪካኖቹ ናቸው። ክዳኑ ግማሽ እንደደረሰ ሰው ጠፋ። መብራት ማለቴ አይደለም። እዚያ አገር መብራት አይጠፋም፣ የሚጠፋው ሰው ነው። ድርግም ብዬ ጠፋሁ። አምፖሉ ሲያማርር ግን ይሰማኛል።

«አሁንም ሰው ሄደ! ይኼ የሰው ነገር አንገሸገሸን እኮ!»

«ጎረቤትስ አለ?» አለች ሃያ ሊትሯ።

«እነሱ ጋ አለ። የእኛ መስመር ብቻ ነው።»

ጠፍቼ ሳለሁ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ምነው እስከ ቅዳሜ ባልመጣሁ እያልኩ ስመኝ፣ ሰው መጣ። የሰፈሩ አምፖሎች በሙሉ «መጣ!» ብለው ጮኹ። ክዳኑ አለቀ።

በሩ ተንኳኳ። ዓርብ ነበር። ራሱ ዓርብ፤ ኮት የለበሰ፣ ላብ በላብ የሆነ ሽማግሌ።

«ልጆቼ፣ ትንሽ ጊዜ ጨምሩልኝ» አለ። «አልደረስኩም። ሐሙስም ቦታውን አልለቀቀልኝም።»

«አይቻልም! አራት ሰዓት ብለናል፣ አራት ሰዓት ነው። ግባ!» አለች አምስት ሊትሯ።

«ጋሼ፣ አይግቡ! በፈጠረዎት ይመለሱ!» ብዬ ለመንኩት።

«ብመለስ በወደድኩ፣ ልጄ። ቅዳሜ ከኋላ እየገፋኝ ነው እንጂ» አለና ላቡን እየጠረገ ገባ።

እሱን ተከትላ ፈታኟ መጣች። ፈታኟ የውኃ ቦቴ ናት፤ መነጽር አድርጋለች፣ ስትገባም የበሩን መቃን ይዛው ገባች። ክዳኑን አምጥተው አፌ ላይ አዞሩት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ቦቴዋ በሁለት እግሬ ይዛ ዘቀዘቀችኝ።

«አንዲት ቃል ጠብ ካለች ወድቃችኋል» አለች።

ዓርብ እንኳ ትንፋሹን ዋጠ። ቃሎቼ ከሆዴ እየወረዱ ክዳኑ ላይ ሲጠራቀሙ ይታወቀኛል። አልቅሼም ጮኼም አላውቅም እንደዚያ፤ ድምፅ ግን የለም። አለቀልኝ ስል ከክዳኑ ጠርዝ አንዲት «እ» ጠብ አለች። ተከትላ «ማ»። ከዚያማ ማን ይያዘው! «እማዬ ድረሺልኝ እነዚህ የዘይት ዕቃዎች ሊከድኑኝ ነው ኧረ የሰው ያለህ ደግሞ ቆይ ፕሪንተሩ ለምንድነው ስልክ የሚጎረጉረው» እያለ ተንዠቀዠቀ። ወለሉ በቃል ተጥለቀለቀ። እትዬ ስንዱ መወልወያ ፍለጋ ሮጡ።

«ወድቃችኋል» አለች ቦቴዋ።

እፎይ! ክዳኑን አሽቀንጥሬ ጥዬ ጠረጴዛ ላይ ወጣሁና እንደልቤ አወራሁ። ስለ ምንም። ዝም ብዬ አወራሁ። ዞር ስል አምስት ሊትሯ ጥግ ላይ ተደፍታ ትንሰቀሰቃለች።

«ስትስቂ ነው የለካንሽ፣ አይደል?» አለችኝ። «ምናለ ብትነግሪን?»

«አሁን ክረምቱን የት ልትሆኑ ነው?»

«አክስታችን ጋ። ናፍጣ ልንሸከም።» ንፍጧን ጠረገች። «ናፍጣ አንዴ ከገባብሽ እኮ ሽታው አይለቅም።»

አንጀቴን በላችው። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«በቃ አታልቅሺ። ሰፊ ክዳን እንዳያፈስ የሚያደርግ ዘዴ አለ» አልኳት። እውነትም በዚያች ደቂቃ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ፌስታል አይጠይቅ፣ እንደገና ማተም አይጠይቅ፣ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር! «ስሚኝ፣ መጀመሪያ ክዳኑን—»

«ዕፁብ! አንቺ ዕፁብ! ሞተሻል እንዴ?»

ነቃሁ። ዘምዘም መስኮታችንን በሁለት እጇ ትደበድባለች። ዘዴው እዚያው ቀረ። እስካሁን ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።

«ስንት ሰዓት ነው?» አልኩ መስኮቱን ከፍቼ።

«ሁለት ተኩል። ስሚ፣ ውኃ ጠፍቷል!»

«ውኃ መቼ ኖሮ ያውቃል?»

«ዛሬ ከተማው በሙሉ ነው የጠፋው፣ አንቺ! የማዕከሉ ጋን ውስጥ እንኳ ጠብታ የለም። ቲቸር አበጋዝ ማስረከቢያው ንቅንቅ አይልም ብሏል። በውኃ ፋንታ ከየቤታችሁ እህል ይዛችሁ ኑ፣ ጀሪካኑን በእህል ሞልቼ እዘቀዝቀዋለሁ ነው ያለው።»

«ምን እህል?»

«የተገኘውን።»

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። እኔ በቁሜ ወደ ጓዳ በረርኩ።

«ጤፍ እንዳትነኪ!» ብላ በመስኮቱ ጮኸች።

«አበድኩ እንዴ?» አልኩና የሽምብራውን ጆንያ ፈታሁ። ዘምዘምም በመስኮቱ ዘላ ገባች።

እናቴ ብቅ ስትል ሁለታችን ወለሉ ላይ ተንበርክከን ሽምብራ እንለቅማለን። በአሥራ አራት ዓመቴ ሳልታዘዝ እህል ስለቅም አይታ ስለማታውቅ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ምን ነካችሁ በጠዋቱ?»

«የዛሬው ፈተና በሽምብራ ነው፣ እማዬ።»

እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳቴን ለካች። ዘምዘም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ደቃቃ ደቃቃውን አውጪው» አለችኝ።