የኒስቤክን ሰው የሚቆጥሩት ወይዘሮ

ሰው እየተመናመነ በሚሄድበት መንደር ሁሉ፣ የቀሩትን የምትቆጥር አንዲት ሴት አትጠፋም። ማንም አልሾማትም፣ ማንም አይሽራትም። የሁሉን ዘር ማንዘር ታውቃለች፣ አፉን የከፈተውን ሁሉ ታርማለች፣ ለቀብር ከሟቹ ቤተሰብ ቀድማ ትደርሳለች። የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ አርዲስ ብሩን ይባላሉ።

ኒስቤክ ኔብራስካ ውስጥ፣ በበቆሎ ማሳ መሃል ያለች መንደር ናት። ባቡሩ ከቀረ፣ ሐዲዱም ከተነቀለ ቆይቷል። አውራ ጎዳናው ሲሠራ በሦስት ማይል ርቆን አለፈ። የቀረን አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የእህል ጎተራና ወይዘሮ አርዲስ ነበሩ። ትምህርት ቤታችን እስኪዘጋ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል። ሲዘጋ እኛ አርፈናል ብለን ነበር፤ እሳቸው ግን ክፍሉን ወደ መንገድ አወጡት።

አንድ እሑድ ፓስተሩ ስለ ዝናቡና ስለ ጅረታችን ሲያመሰግኑ ወይዘሮ አርዲስ እጃቸውን አወጡ። በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ምሥራቃዊ ክፈፍ የሚወርደው ዝናብ ወደ ጅረታችን፣ በምዕራቡ የሚወርደው ግን ወደ ሌላ ወንዝ እንደሚሄድ አስረዱና፣ ጸሎቱ እንዲስተካከል ጠየቁ። ፓስተሩ በሁለተኛው ዓመት ዝውውር ጠየቁ። ወይዘሮ አርዲስም ቀነሷቸው።

መቀነስ ዋና ሥራቸው ነው። የመንደሩ ሕዝብ በሙሉ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ውስጥ ሰፍሯል። የተወለደ ይደመራል፣ የሞተና የሄደ ይቀነሳል። የተደመረ ሰው ካየን ዘጠኝ ዓመታችን ነበር።

ባለቤቴ ጆይስ በመጋቢት ወር፣ ማክሰኞ ቀን ጥላኝ ሄደች። ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ አርዲስ በድንች የተጋገረ ሥጋ ይዘው በሬን አንኳኩ። ሊያጽናኑኝ የመጡ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው።

«ሊላንድ፣ አይክፋህና፣ ልብሷን በሙሉ ነው የወሰደችው?»

«በሙሉ» አልኳቸው።

«የክረምቱን ካፖርትም?»

«እሱንም።»

«እንግዲያው አርባ አንድ ነን ማለት ነው» አሉና ሳህኑን ትተው ወጡ።

ምግቡን ከነሳህኑ ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩት። አንድ ወር ሙሉ ሰላም አላልኳቸውም። አርባ አንድ ሰው ባለበት መንደር አንዱን ሰላም አለማለት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ስንት ጊዜ መንገድ መቀየር እንዳለብኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ያለፈው መኸር መንደሯ ትፍረስ ወይስ ትቀጥል የሚል ጥያቄ መጣ። ከንቲባ የሚሆን ሰው ጠፍቶ ነበር፤ የውሃው ፓምፕም በየሳምንቱ ይሰበራል። ከፈረስን ሁሉንም ነገር አውራጃው ይረከበናል፣ ስማችንም ከመዝገብ ይወጣል። እኔ የመንደሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ስብሰባውን መምራት በእኔ ላይ ወደቀ። የተሰበሰብነው ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነው።

ወይዘሮ አርዲስ አምስት ደቂቃ ለምነው አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ስለ መጀመሪያዎቹ የሣርና የጭቃ ቤቶች፣ በበረዶ ማዕበሉ ስላለቁት ከብቶች፣ እሳት ስለበላቸው አሥራ አንድ ሱቆች፣ አምስት መቶ ሰው ስለነበርንበትና የጭፈራ አዳራሽ ስለነበረን ዘመን ተናገሩ። በመጨረሻ ከርት ኢፕሰን ተነሣ። በቆሎ ገበሬ ነው፤ ፊደል ያስቆጠሩትም እሳቸው ናቸው።

«ወይዘሮ አርዲስ፣ እርስዎ የሚሟገቱላቸው ሰዎች በሙሉ መቃብር ውስጥ ናቸው። እኛ ግን በቁማችን ከዚያ ፓምፕ ዝገት እየጠጣን ነው።»

አንዳንዱ አጨበጨበ። ወይዘሮ አርዲስ ወደ እኔ ዞር አሉ። ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል ልል እችል ነበር። እኔም ፊደል የቆጠርኩት በእሳቸው እጅ ነው።

«ሰዓትዎ አልቋል» አልኳቸው።

ድምፅ ተሰጥቶ ሃያ አራት ለዘጠኝ ፈረስን። ከሃያ አራቱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ውጤቱን በደብተራቸው ጻፉ፣ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲያ ማንንም አላረሙም። ሰው ፊታቸው ቆሞ የገዛ አያቱን ስም ሲሳሳት እንኳ ዝም አሉ። ስንት ዓመት ዝም እንዲሉ ተመኝተን ነበር፤ ዝም ሲሉ ግን የምንገባበት ጠፋን።

በጸደይ ልጃቸው ከተማ ውስጥ ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ቦታ አገኘችላቸው። እሷ የምትኖረው ሩቅ ስለሆነ እኔ እንዳደርሳቸው ደወለች። ሁለት ሰዓት ስንጓዝ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የማንን እርሻ ማን ከማን እንደገዛው ሳይነግሩኝ በዚያ መንገድ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር።

መቀበያው ላይ አንዲት ወጣት ነርስ ቅጽ ትሞላ ጀመር። ስም፣ ዕድሜ፣ የሚወስዱት መድኃኒት። ከዚያ የትውልድ ቦታ ብላ ጠየቀች።

«ተዪው፣ የኔ ልጅ» አሉ ወይዘሮ አርዲስ። «አሁን የለም።»

ልጅቷ ግራ ተጋብታ ወደ እኔ ተመለከተች።

«ኒስቤክ ብለሽ ጻፊ» አልኳት። በዚያው ማቆም እችል ነበር። «ዴንማርኮች ናቸው የቆረቆሯት። በ1881፣ ከጅረቱ በስተ ደቡብ።»

ወይዘሮ አርዲስ ቦርሳቸውን ጭምቅ አድርገው ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«በ1879» አሉ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «ደግሞም በስተ ሰሜን ነው። ወደ ደቡብ የሸሸው ጅረቱ ነው እንጂ እኛ ከቦታችን አልተነቃነቅንም። ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ነው የከረምከው፣ ሊላንድ?»

«ተሳስቼ ነው» አልኩ። በ1879 መሆኑን ኒስቤክ የተወለደ ልጅ ሁሉ ከገዛ ልደቱ በፊት ነው የሚያውቀው።

ወንበር ስበው ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «ከጻፍሽ አይቀር በትክክል ጻፊው» አሏትና ከጅረቱ ጀመሩ። ነርሷ ሰዓቷን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ኮፍያዬን አውልቄ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የመልሱ መንገድ ረጅም ነበር፤ እኔ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከዚያ አልተነሣሁም።