አማቴ ያከሙት ላፕቶፕ

ካዛንቺስ ውስጥ «ራሴን አሞኛል» ብላችሁ በሰው መሐል አትናገሩ። እዚህ ሰፈር ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። ባለሱቁ ዳማከሴ ያዝዝላችኋል፣ የታክሲው ረዳት ዝንጅብል በማር ይላችኋል፣ የክሊኒኩ ዘበኛ ሳይቀር ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት የራሱን መድኃኒት ይሞክርባችኋል። ይሄ ሁሉ በሰው ላይ ሲሆን ለምጄዋለሁ። እኔን የቸገረኝ ሕክምናው ወደ ኮምፒውተር የተሻገረ ጊዜ ነው...

ባለቤቴ ትዕግሥት ቀን ቢሮ እየዋለች ማታ ማታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏን አርማ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካልላከች ምርቃቱ ለከርሞ ነው። በዚያው ሳምንት ላፕቶፑ ታመመ። ይግላል፣ ያጓራል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። ትንሽ ታርማለች፣ ድርግም። ኢንተርኔት ቤት እንዳትሄድ፣ ፍላሿ ባለፈው ከዚያ ቫይረስ ይዛ ስለተመለሰች ሁለተኛ አልረግጥም ብላ ምላለች። እኔ «አይዞሽ፣ ማሽን ነው» አልኳት። ያየችኝን አስተያየት ባልነግራችሁ ይሻላል።

ዓርብ ጠዋት እሷ ለግማሽ ቀን ፈቃድ ልትጠይቅ ቢሮ ስትሄድ እኔ ካቻቪቴ አነሣሁ። በቪዲዮ ያየሁት ሰውዬ እየሳቀ ነበር የሚፈታው፤ እኔ እያላበኝ ፈታሁት። ብሎኖቹን እንዳይምታቱብኝ እንደ አወጣጣቸው ስኮች ላይ ለጠፍኳቸው። ማራገቢያው ውስጥ የነበረው አቧራ ትራስ ይሞላል ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ የሕፃን ትራስ ግን ይሞላል። እሱን ጠርጌ ስጨርስ ፕሮሰሰሩ ላይ ደርቆ የተሰነጣጠቀውን የድሮ ቅባት በአልኮል ወልውዬ አነሣሁ።

ይሄን ሁሉ አማቴ እማማ ዘነበች ከሶፋው ላይ ሆነው ያያሉ። አብረውን ነው የሚኖሩት። ተነሥተው መጡና በጣታቸው እየጠቆሙ ይቺ ምንድን ናት አሉኝ።

«የኮምፒውተሩ ጭንቅላት በሏት፣ እማማ።»

«እሷ ናት የምታተኩሰው?»

«አዎ። አናቷ ላይ ሙቀቱን የሚያወጣላት ቅባት ይቀባል። የድሮው ደርቆባት ነው።»

«ምስኪን» አሉ አማቴ፣ ከልባቸው አዝነው።

አሁን ሳስበው፣ ለእሳቸው ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሐኪም ትእዛዝ አልነበረም። ራሱ የጋለ ሰው አናቱ ላይ ምን እንደሚደረግለት እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። ያኔ ግን አልመጣልኝም። ክፍቱን ትቼው ቅባቱን ልገዛ ወጣሁ።

ቡልጋሪያ ሰፈር ያለው ባለሱቅ የመኪና ግሪስ ሊሸጥልኝ ፈለገ፤ ሁለቱም ያው ይለጠፋሉ ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ። ኦሎምፒያ ያለው ልጅ «ማለቴ፣ ነበረ፣ በቃ አለቀ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። በመጨረሻ ሰንጋ ተራ አንድ ኮምፒውተር ቤት በሲሪንጅ የታሸገ አገኘሁና ታክሲ ውስጥ እንደ ክትባት ተጠንቅቄ ይዤው ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ትዕግሥት ላፕቶፑ ላይ አጎንብሳ ትጽፋለች። ተገጥሟል። ይሠራል።

«ቀብተህ ስለጨረስክ ብሎኑን እኔው አሰርኩት» አለችኝ ዓይኗን ሳታነሳ። «ይኸው እስካሁን አልጠፋም። ተባረክ።»

እኔ ምኑን ቀባሁ? ቅባቱ ኪሴ ውስጥ ነው! ወደ አማቴ ዞርኩ። አማቴ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

ወጥ ቤት አስገብቼ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው። አልካዱም። «ለጋ ነው፤ ጨው የለውም» አሉኝ፣ የሚያሳስበኝ እሱ መስሏቸው። ዕለቱ ዓርብ መሆኑን ባስታውሳቸው፣ ጾሙ ለሚበላ እንጂ ለሚቀባ እንዳልሆነ አስረዱኝ። ባል የሚባል ሰው ዕቃ ፈትቶ እንደሚጠፋ ስለሚያውቁ ልጃቸው ስትመጣ እንዳትደነግጥ ብለው ነው የረዱኝ።

እስቲ ፍረዱ። አቁሚ ብላት፣ ተፈቶ ተወልውሎ እስኪገጠም ሰዓቱ ያልፋል። ዝም ብል፣ ቅቤው ቀልጦ የሆነ ቦታ ይገባና ጽሑፉም ዲግሪውም ትዳሩም አብረው ይነጠራሉ። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው። እዚያ ውስጥ ያለው የስንት ሌሊት እንቅልፏ ነው። ዝም አልኩ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ቁጭ አልኩና፣ እናት የልጇን ግንባር እንደምትዳብስ፣ ላፕቶፑን በየጊዜው እነካለሁ። እሷ በሞራል ልደግፋት መስሏት ፈገግ ትልልኛለች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሽታው ጀመረ... ትዕግሥት ቀና ብላ አሸተተች።

«እማዬ፣ ቅቤ እያነጠርሽ ነው?»

«ጎረቤት ነው መሰለኝ» አሉ አማቴ። ትንሽ አሰብ አድርገው «ኮረሪማ አላደረጉበትም» ሲሉ ጨመሩ።

ትዕግሥት በዓርብ የሚያነጥረው ማን ነው ብላ ጎረቤቶቹን በሙሉ ታዘበችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ላከችው። መላኩን ስታይ እንባዋ መጣ፤ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር አለችኝ፤ እኔም አልቅሼ ነበር፣ ምክንያታችን ቢለያይም። ወዲያው ስልኳን አንሥታ፣ ላፕቶፑ እየጋለ ላስቸገረው ለወንድሟ ደወለች። እንዲህ ያለ ባለሙያ ባል ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለምን ሰው ጋ ትከፍላለህ፣ ነገውኑ ይዘኸው ና ስትለው አማቴ ከሶፋው ላይ ሰሟት።

«ይምጣ» አሉ። «ግን ቅቤውን ራሱ ይዞ ይምጣ፤ የቤቱ አልቋል።»