ጓድ ሊቀመንበርና የጥንቸሎቹ ቤት

ያን ቀን ጓሮዬ ውስጥ የተገኘነው እኔ፣ ልጄ ታደለ፣ ጎረቤቴ እማማ ዳምሬ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበርና እንድናረባ በካርቶን ያመጣልን ሁለት ጥንቸሎች ነን።

ራሱ የማያደርገውን ለሌላው የሚያስተምር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የእኛ ሊቀመንበር እንደዚያ ነበር። ታደለ ከደጋ በመጣ ቀርከሃ የጥንቸሎቹን ቤት ሲሠራ፣ እሱ ከጓሮዬ ሙዝ ጥላ ሥር ቆሞ «በርታ ጓድ! ምርት ነው!» ይላል። ልጄ ቀና ሲልለት መዶሻው ግራ አውራ ጣቱ ላይ አረፈ። ጥፍሩ ለሁለት ተሰነጠቀ።

«ለመሆኑ ማን ሊበላው ነው?» አሉ እማማ ዳምሬ። «ጥንቸል እኮ በእኛ ሃይማኖት አይበላም።»

«ሰፊው ሕዝብ ይበላዋል» አለ ሊቀመንበሩ።

«አንተስ ልጄ?»

«እኔማ አስተምራለሁ እንጂ!»

ሳቅን። እኔ ግን ላረባቸው እሺ ያልኩት ለሥጋው ብዬ አልነበረም። ሊቀመንበሩ «አምራች ወጣት ለውትድርና አይወሰድም» ብሎኝ ነበር። ይህን የሰማች እናት፣ እንኳን ጥንቸል ጅብስ ብታረባ ይፈረድባታል?

ጥንቸሎቹ ተዋለዱ። ቀርከሃውን ቆርጥመው ወጡና ጎመኔን ጨረሱት። ታደለ ቤቱን ሊጠግን ቀርከሃ ፍለጋ ገበያ እንደወጣ፣ ከዚያው አፍሰው ወሰዱት። እያለቀስኩ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሮጥኩ።

«እናት አገር ትቀድማለች» አለኝ። «ጥንቸሎቹን ግን አደራ።»

ታደለ ጠይም፣ ቀጠን ያለ ልጅ ነው። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ያያችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።