ግራ እጃቸውን ከኪስ የማያወጡት የሽቦ ዳኛ

መጀመሪያ ልብ ያልኩት ግራ እጃቸውን ነው። ከሱሪያቸው የኋላ ኪስ አይወጣም። የሥጋ ፓይ ሲበሉ፣ ልብስ ሲያሰጡ፣ ቀብር ላይ ሲቆሙ ቀኟ ብቻዋን ትሠራለች፤ ግራዋ ጡረታ ወጥታለች። ኪስ ውስጥ ያለ እጅ ምንም አይነካም፤ ስለዚህ ከረንት ከእጅ ወደ እጅ ተሻግሮ ልብን አያገኝም ይላሉ። ቀብር ላይ ምን ከረንት እንዳለ ግን አልነገሩንም።

በአውስትራሊያ፣ ጡረተኞች እንጨት የሚልጉበትና ብረት የሚበይዱበት ሼድ ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ የሽቦ ዳኛ አይጠፋም። የእኛ ከተማ የካዲና ዳኛ ክቡር ዋርዊክ ትሬጌንዛ ናቸው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም። ሽቦ ያሸታሉ፣ ያጎብጣሉ፣ በጥርሳቸው ይሞክራሉ፤ ከዚያ "አይሆንም" ብለው ይፈርዳሉ።

ጡረተኛዋ ፀጉር ሠሪ ኖሪንና እኔ ቴስላ ኮይል እየሠራን ነበር፤ ከአናቱ ሐምራዊ መብረቅ የሚተፋ የመዳብ ጥቅል። ከሦስት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ በሚውለው የትምህርት ቤቱ ባዛር ለልጆቹ ልናበራው ቃል ገብተናል። የቀረን ከትራንስፎርመሩ አሥራ አምስት ሺህ ቮልት የሚያሻግር ሽቦ ብቻ ነው።

ኖሪን ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጃፍ በሚያወጣበት ሳምንት ያነሳችውን የመኪና ባትሪ ማስነሻ ኬብል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

"አውራ ጣቴን ያክላል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?"

"ሽፋኑን አሳዪኝ" አሉ ክቡርነታቸው። ይህችን ሳይናገሩ የዋሉበት ቀን የለም።

"ወፍራም ነው እኮ፣ ዋርዊክ።"

"የወፈረው መዳቡ ነው። ቮልት የሚያግደው ሽፋኑ ነው። ይሄ የአሥራ ሁለት ቮልት ልብስ ነው የለበሰው። በብርድ በካናቴራ የወጣ ቦርጫም ነው።"

"ስለ ራስህ ነው የምታወራው?" አለች ወደ ሆዳቸው እያየች።

እኔ ከመኝታ ቤቴ መብራት የተረፈ ሽቦ ሳመጣ "ለመብረቅ አይሆንም፤ ግጥም ጻፍበት" ብለው መለሱልኝ።

ሦስት ወር ከሰደቡን በኋላ የራሳቸውን ሀብት ይዘው መጡ፦ ከተዘጋ ሥጋ ቤት የኒዮን ማስታወቂያ ላይ የተፈታ ኬብል፣ ሠላሳ ዓመት በብስኩት ቆርቆሮ የኖረ።

"ይሄ ሁላችንንም ይቀብራል" አሉ።

"እሱን አልጠራጠርም" አለች ኖሪን።

አርብ ከሰዓት በኋላ ልንገጥመው ስንል እንደ ልማዳቸው በጣታቸው አጎበጡት። ሽፋኑ ፍርፍር ብሎ ወደቀ፤ መዳቡ ራቁቱን ቀረ። ማንም አልሳቀም። ባዛሩ ነገ ነው።

"በናስትሮ ልጠቅልለው?" አልኳቸው።

ዋርዊክ ፍርፋሪውን ከጠረጴዛው ጠረጉት።

"አይሆንም።"

መቁረጫውን አንስተው ሀብታቸውን ቁርጥራጭ አደረጉት፤ ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት።

በማግስቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መብረቅ በሚጠብቀው ሕዝብ ፊት ቆሙ። "ሽቦውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የማይረባ ሽቦ ነው። ዛሬ መብረቅ የለም።" ሼዱ የሚመላለስ አንድ አባት "ሦስት ወር ሙሉ ስለ ሽቦ ሲያስተምረን ከርሞ!" አለ፤ አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሕይወታቸው አዲስ ሽቦ ገዝተው የማያውቁት ሰው፣ ሽፋኑ ላይ አርባ ሺህ ቮልት የሚል የሲሊኮን ኬብል ገዝተው መጡ። ልጆቹን ሼዱ ውስጥ ከአጥር ወዲያ፣ ራቅ አድርገን አቆምናቸው። መብረቁ ሐምራዊ ሥሩን አየር ላይ ሲሰድ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ልጆቹም እንደኔ። ዋርዊክ መብረቁን አንዴም አላዩትም። ሽቦውን ነበር የሚያዩት።

ሲያበቃ "ደህና ዋሉ፣ ጋሽ ዋርዊክ" አልኳቸው።

"ሶኬቱን ነቅለኸዋል?" አሉኝ። ደህና ዋል ማለታቸው ነው።

የሼዱ በር ዝጓል፤ ያለ ሁለት እጅ አይከፈትም። ላግዛቸው ስጠጋ የኔም ግራ እጅ ኪሴ ውስጥ ነው፤ መቼ እንደገባ አላውቅም። እሳቸው ግራቸውን ከኪስ ሳያወጡ በቀኛቸውና በጉልበታቸው ገፍተው ከፈቱትና ወደኋላ ሳያዩ ሄዱ።