አምስተኛው ወንበርና የስናፐሩ ቅርጫ

ወንድይራድ፣

ከስብሰባ ለቀረ አባል ቃለ ጉባኤው ይድረሰው ብለህ ደንብ ያወጣኸው አንተ ነህ። “ከሁላችንም የተሻለ አማርኛ የሚጽፈው ይኼ ልጅ ነው” ብለህ ጸሐፊ ያደረግኸኝም አንተ ነህ። እንግዲህ አንብብ፤ መሐል ላይ አቋርጠህ አትሳቅ።

ቀን፦ እሑድ፣ ኅዳር 24 ቀን 2004 ዓ.ም.
ቦታ፦ የአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ፣ የወ/ሮ ባዩሽ ሱቅ ጓዳ፣ በጤፍ ጆንያዎቹ መካከል
የተገኙ፦ አቶ ገላው፣ ሊቀመንበር (ቫኑ የእሳቸው ስለሆነ)፤ ወ/ሮ ባዩሽ፣ የስንቅ ኃላፊ፤ ሲላስ፣ አባልና የአንተ ጓደኛ፤ ሲራክ፣ ጸሐፊና ወንድምህ፤ ወንድይራድ፣ መሥራች (ቀጥሎ ይታያል)

ምልዓተ ጉባኤ

የዓሣ አጥማጅ ማኅበራችን ደንብ፣ ስብሰባ አምስቱም አባላት ሳይኖሩ አይከፈትም፣ አምስቱም ሳይኖሩ አይዘጋም ይላል። ደንቡ የወጣው ሲላስ ስለሚቀር እንደነበር ሊቀመንበሩ አስታወሱ። ሲላስ ዛሬ ከሁሉም ቀድሞ መገኘቱ በአግራሞት ተመዝግቧል። ሆኖም አባል ወንድይራድ ከመስከረሙ የመኪና አደጋ ወዲህ ስለሌለ፣ ጉባኤው አራት ሰው ብቻ ሆነ።

ወ/ሮ ባዩሽ የአንተን ኮፍያ ከጸሐፊው ራስ ላይ አንስተው አምስተኛው ወንበር ላይ አኖሩና፣ “ድሮስ ቢሆን ስብሰባ ላይ ይህን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይተኛ የለም? ይቆጠር” አሉ። ጉባኤው ሳቀ። ሲላስ፣ ይህን ለመወሰንም አምስት ሰው እንደሚያስፈልግ አመለከተ። ሊቀመንበሩ፣ “አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን ስለመጣህ ነው ይኼ ሁሉ?” ሲሉ መለሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ኮፍያው እንዲቆጠር ተወሰነ።

አጀንዳ 1፦ ስለ ባሕር

ጉዞው በጥር ወር ወደ ፍሎሪዳ ሲሆን፣ ዓላማውም አንተ በያዝከው የኪራይ ጀልባ ስናፐር የተባለውን የባሕር ዓሣ ማጥመድ እንደሆነ ተገለጸ። ከአባላቱ ባሕር ላይ ወጥቶ የሚያውቅ እንደሌለም አብሮ ተገለጸ። ሊቀመንበሩ ላንጋኖ ዳር ሁለት ጊዜ ቆመው እንደሚያውቁ አስመዘገቡ። ሲላስ፣ ማዕበል ሲመጣ ካፕቴኑን “ፕሊስ፣ ፑል ኦቨር አድርግልን” ማለት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። የት ዳር ላይ እንደሚቆምለት ሲጠየቅ ጥያቄውን መልሶ ወሰደ። ሁሉም ሰው ዝንጅብል እንዲያኝክ ተወሰነ።

ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም የሚለውም ተነሥቶ ነበር። ጉዞው ከገና በኋላ ስለሆነ ጠቡ ለዐቢይ ጾም እንዲቆይ ተደረገ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ክፍፍል

አንዱ ብዙ ይዞ ሌላው ባዶ እጁን ቢመለስ ቫኑ ውስጥ ሰላም አይኖርም። ስለዚህ የተያዘው ዓሣ ሁሉ ተቀላቅሎ፣ እንደ ቅርጫ በሬ በአምስት መደብ ተከፍሎ ዕጣ እንዲጣልበት ወ/ሮ ባዩሽ ሐሳብ አቀረቡ። ሊቀመንበሩ፣ ሻኛው ለየትኛው መደብ እንደሚሆን ጠየቁ። ስናፐር ሻኛ እንደሌለው ሲነገራቸው፣ “ታዲያ ይህን ያህል መንገድ የምነዳው ለምኑ ነው?” አሉ። ሲላስ ሁሉም የያዘውን ይውሰድ ሲል ተቃወመ። ወ/ሮ ባዩሽም፣ “አንተን ጉንፋን ይይዝሃል እንጂ አንተ ምን ትይዛለህ የኔ ልጅ?” አሉት። ሲላስ ተቃውሞውን ተወ፤ ቅርጫው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ 3፦ ስለ አምስተኛው መደብ

የአምስተኛውን መደብ ዕጣ ማን ያወጣል የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ሊቀመንበሩ ሮክቪል የሚኖሩት የሚስታቸው ወንድም አቶ ይገዙ በአንተ ቦታ እንዲገቡ ሐሳብ አቀረቡ። “ደስ ብሎኝ እንዳይመስላችሁ። ግን የማጥመጃ ዘንጉ ጀልባው ላይ ባዶውን ቆሞ ማየት አልችልም” አሉ። ሲላስ መሬት መሬቱን እያየ ደገፋቸው። ወ/ሮ ባዩሽ ተቃወሙ። ጸሐፊው ሲጠየቅ አስተያየት እንደሌለው ገለጸ። ወ/ሮ ባዩሽ፣ “ሲራክዬ፣ እስክሪብቶውን ሰበርከው እኮ” አሉ። ጸሐፊው በሌላ እስክሪብቶ አስተያየት እንደሌለው በድጋሚ ገለጸ።

በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ስምህ ከአባልነት ተሰረዘ። ኮፍያው እጁን አላወጣም። ለጸሐፊው ተመለሰ።

መዝጊያ

ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ሊዘጉ ሲነሡ፣ አምስተኛው ወንበር ባዶ ስለሆነ መዝጋት እንደማይቻል ታወቀ። አቶ ይገዙ በስልክ እንዲገኙ ኮል ተደረገላቸው። በስፒከር፣ “ዓሣ? እኔ? ሽታውን እንኳ አልችለውም! ደግሞ ማን አስመዘገበኝ?” ብለው ዘጉት። ወ/ሮ ባዩሽ ደንበኛ እየጠበቃቸው መሆኑን አሳሰቡ። ሲላስ እዚሁ እንኑር ወይ ሲል ጠየቀ።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊው ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አወጣ። ኮፍያውን ቦታው ልመልሰው ወይ አለ። ከራሱ ላይ አውልቆም ለሊቀመንበሩ ዘረጋ።

ሊቀመንበሩ ኮፍያውን ተቀብለው ራሳቸው ወንበሩ ላይ አኖሩት። ከዚያ ጥቂት ጊዜ ፊታቸውን ወደ ጤፉ አዙረው ቆዩ። ሲመለሱ፣ “አንዱን ብቻ ለመሻር ስንጨቃጨቅ ሊመሽብን ነው። ሁሉንም ሰርዝ” አሉ። በመሆኑም ዝንጅብሉም፣ ቅርጫውም፣ ስምህን መሰረዙም፣ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው በሙሉ፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር ዘንድ ተወስኗል። የጸናው አንተ ለአምስት ሰው ብለህ የያዝከው ጀልባ ብቻ ነው። አምስት ሆነን የጀመርነው ስብሰባ አምስት ሆነን ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋ።

ከዚህ በታች ያለው ከስብሰባው ውጭ ነው።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ሥራ ገባች። ከለቅሶው ጀምሮ አልጋህ ላይ ትተኛ የነበረችው አክስቴ ካሰችም ማታውኑ አናንዴል ወዳለው ቤቷ ተመልሳ ነበር። ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ዘንግህን ከአልጋህ ሥር አወጣሁና ፓርኪንጉ ወረድኩ። እንዳስተማርከኝ መንጠቆውን ፈትቼ ለክብደት የታሰረውን እርሳስ ብቻ ክሩ ላይ ተውኩ፤ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ቆሜ ወደ መብራቱ ምሰሶ ወረወርኩ። ጎረቤታችን በረዶውን ከመኪናው መስተዋት ላይ እየፋቀ፣ ያዝክ ወይ ብሎ ጮኸልኝ። ገና ነኝ አልኩት። ዘንጉን ዝቅ አድርጌ፣ ሳልቸኩል ክሩን ጠቀለልኩ፤ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ እስኪመጣም ደጋግሜ ወረወርኩ።